ከሰዓቱ በታች ያለው ፍራሽ

የዛሬው ጉዳያችን በአክሽን ፊልም ውስጥ ሰው ሲወድቅ፣ ሲገጭ፣ ሲመታ፣ ከሚበር መኪና ላይ ሲዘል እያየን ለምን እንደምናምን ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ካለው ፊልም ልነሣ። «ሴፍቲ ላስት» ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ፣ በ1923 የወጣ፣ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ፊልሙን ያላያችሁ እንኳ አንዷን ምስሉን የሆነ ቦታ ሳታዩ አልቀራችሁም። ክብ መነጽር ያደረገ ወጣት ረጅም ሕንጻ ላይ በተገጠመ ትልቅ ሰዓት ዘንግ ተንጠልጥሏል። የሰዓቱ ፊት ከግድግዳው ተላቆ ወደ ውጭ ዘንበል ብሏል። ከወጣቱ እግር ሥር፣ እጅግ ርቆ፣ የሎስ አንጀለስ ጎዳና ከነመኪኖቹና ከነእግረኞቹ ይታያል። ተዋናዩ ሃሮልድ ሎይድ ነው። ይህን ሲሠራ የቀኝ እጁ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት አልነበሩም፤ በ1919 ፎቶ ሲነሣ ለጌጥ የተሠራ የመሰለው ቦምብ እጁ ላይ ፈንድቶ ቆርጦበታል። በፊልሙ ላይ የምናየው እጅ ጉዳቱን የሚሸፍን ጓንት ለብሷል።

በ1923 ኮምፒውተር የለም፤ ምስልን ከምስል ጋር የማጣበቁ ጥበብም ገና ጮርቃ ነበር። ታዲያ እንዴት ሠሩት? ሎይድና ባልደረቦቹ መሃል ከተማ ወጡና በእውነተኛ ሕንጻ ጣሪያ ላይ የሕንጻ ግድግዳ የሚመስል ነገር አቆሙ። ሰዓቱን እዚያ ግድግዳ ላይ ገጠሙት። ከሰዓቱ በታች፣ ጥቂት ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ፍራሽ የተነጠፈበት ርብራብ ነበረ። ካሜራው ከፍ ያለ ማማ ላይ ሆኖ የጣሪያው ጠርዝም ፍራሹም ከምስሉ እንዲወጡ፣ ከጣሪያው ባሻገር ያለው ጎዳና ግን ቁልጭ ብሎ እንዲገባ ተነጣጠረ። በታሪኩ ወጣቱ ከፎቅ ወደ ፎቅ በወጣ ቁጥር ቀራጮቹ ወደሚበልጥ ሕንጻ ይዛወራሉ፤ ጎዳናው ከዓይናችን እየራቀ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። ከሩቅ በተነሡት ምስሎች ላይ ደግሞ ግድግዳውን የሚወጣው ሎይድ አይደለም፤ በፊልሙም ጓደኛውን ሆኖ የሚተውነው፣ ሕንጻ በመውጣት የታወቀው ቢል ስትሮዘር ነው።

ይህን የምነግራችሁ «አያችሁ፣ ውሸት ነበር» ለማለት አይደለም። እንዲያውም የሚያስደንቀኝ በዚያ ምስል ውስጥ ያለው እውነት ብዛት ነው። ጎዳናው እውነት ነው። ከፍታው እውነት ነው። ፀሐዩም ነፋሱም፣ የሚንጠለጠለው ሰውም እውነት ናቸው። አደጋውም ቢሆን ጨርሶ አልጠፋም፤ ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት ለሙከራ በሰው አምሳል የተሠራ አሻንጉሊት ፍራሹ ላይ ቢጥሉ ነጥሮ ወደ ጎዳናው እንደወደቀ ይነገራል። የተደበቀው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በሎይድና በጎዳናው መካከል ያለው ጣሪያ። ጣሪያው ከፍሬሙ ጠርዝ በታች ነው። እኔ ዛሬ ልላችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው፦ የሚያሳምን ስታንት፣ ማለትም በፊልም ላይ የሚታይ አደገኛ ትርኢት፣ የሚሠራው ብዙ እውነት ሰብስቦ አንዲት ነገር በትክክለኛው ቦታ በመደበቅ ነው። የምትደበቀው ነገር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሰውን ሕይወት የምታተርፈው ናት።

ምንም ያልደበቁ ሰዎችም ነበሩ። ባስተር ኪተን በ1928 በወጣው «ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» ላይ በአውሎ ነፋስ መሃል ቆሞ ሳለ የአንድ ቤት የፊት ግድግዳ ሙሉ ለሙሉ ላዩ ላይ ይወድቅበታል። ኪተን የሚተርፈው በተከፈተው መስኮት ሾልኮ ነው። ግድግዳው ሁለት ቶን ያህል ይመዝን ነበር ይባላል፤ በመስኮቱ ክፈፍና በኪተን ትከሻ መካከል የነበረው ክፍተት ጥቂት ሴንቲሜትር ነበር። ካሜራው ርቆ ቆሞ፣ ሳይንቀሳቀስና ሳይቆረጥ ሁሉንም ያሳየናል። መቆረጥ ቢኖርበት ኖሮ ተመልካች ወዲያውኑ «እዚህ ጋ ለውጠውት ነው» ይላል። አለመቁረጥም የኤዲቲንግ ውሳኔ ነው። ይህ ምስል ግን አርአያ ሊሆን አይገባም። ኪተን አንድ እርምጃ ቢሳሳት ኖሮ ይሞት ነበር፤ ፊልም ያን ያህል ዋጋ ሊያስከፍል አይገባም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሙያው ውስጥ እንግባ፤ በጣም ተራ ከሚመስለው፣ ከቡጢ። በፊልም ላይ የሚሰነዘር ቡጢ ከተመቺው ፊት ቢያንስ አንድ ስንዝር ርቆ ነው የሚያልፈው። ካሜራው የሚቆመው ከአንደኛው ተዋናይ ትከሻ ጀርባ ነው፤ እጁ፣ ፊቱና ሌንሱ በአንድ መስመር ላይ እንዲውሉ። በሕይወት ርቀትን የምንለካው በሁለት ዓይኖቻችን ነው፤ ሌንስ ግን አንድ ዓይን ብቻ ስላለው በእጁና በፊቱ መካከል ያለችው ስንዝር ስክሪኑ ላይ ትጠፋለች። ካሜራው ወደ ጎን ዞር ካለ ግን ክፍተቱ ይጋለጣል። በጀማሪ ፊልሞች ላይ የሚያስቁን ጠቦች ብዙውን ጊዜ ጥፋታቸው ይኸው ነው፤ ተዋናዮቹ ጥሩ ሠርተው ሳለ ካሜራው በተሳሳተ ቦታ ቆሟል። ቡጢውን እውነት የሚያስመስለው ደግሞ ከመቺው ይልቅ ተመቺው ነው። ጭንቅላቱ ቀድሞ ከዞረ ልምምዱ ይታያል፤ ከዘገየ እጁ እንዳልነካው ይታወቃል። የሆንግ ኮንግ ፊልም ሠሪዎች በዚህ ላይ አንድ ነገር ጨመሩ። ምቱን ከሩቅ አሳይተው ወደ ቅርብ ሲቆርጡ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት ፍሬሞች፣ ማለትም ነጠላ ምስሎች፣ ይደግሟቸዋል። ዓይን ድግግሞሹን አይቆጥረውም፤ ምቱ ግን ከብዶ ይሰማዋል።

ሌንስም የራሱ ኃይል አለው። ከሩቅ የሚያቀርበው ረጅም ሌንስ የኋላውን ወደ ፊት ይስበዋል። የሚሮጥ ሰው ከኋላው የሚመጣ ባቡር ሊደርስበት አንድ ክንድ የቀረው ይመስላል፤ በእውነቱ ግን በመካከላቸው በአሥሮች የሚቆጠር ሜትር አለ። ሰፊው ሌንስ ተቃራኒውን ይሠራል። መኪና ላይ ዝቅ ተደርጎ፣ አስፋልቱን ሊነካ ሲደርስ፣ መንገዱ በሥሩ ሲከንፍ የተለመደው ፍጥነት እብደት ይመስላል።

ስለ ፍጥነት ካነሣን፣ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው የሚታየው። ቀራጩ በሰከንድ 20 ፍሬም ብቻ ቀርጾ በ24 ካሳየው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሄደው መኪና 72 የሄደ ይመስላል። ሹፌሩ ደኅና ነው፤ ተመልካቹ ትንፋሹን ይውጣል። ነገር ግን ይህ ዘዴ ከሳሾች አሉት፤ ጢስ፣ ውሃ፣ አቧራና በመንገድ ዳር የሚራመድ ሰው። እነዚህ ነገሮች በምን ፍጥነት መንቀሳቀስ እንዳለባቸው ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምረን ስለምናውቅ ትንሽ እንኳ ሲፈጥኑ ዓይናችን ይነቃል። ጎበዝ ዳይሬክተር ፍጥነት ሲጨምር በፍሬሙ ውስጥ የሚያሳጣ ነገር እንዳይኖር ይጠነቀቃል።

ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ሲመጣ ምን እንደሚመስል ለማየት በ1981 የወጣውን «ሬይደርስ ኦፍ ዘ ሎስት አርክ» እዩ፤ ታቦተ ጽዮንን ስለሚፈልጉ ሰዎች የተሠራው ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኢንዲያና ጆንስ ከሚሄድ የጭነት መኪና ፊት ወድቆ፣ ከሥሩ አልፎ፣ ከኋላ እየተጎተተ ይወጣል። ይህን የሠራው ስታንትማን ቴሪ ሌናርድ ነው። መኪናው ሰው በሥሩ እንዲያሳልፍ ተደርጎ ተዘጋጀ፤ መንገዱ መሃል ላይም ገላውን የሚያሾልክ ቦይ ተቆፈረ። ካሜራው ቦዩ እንዳይታይ ሆኖ ቆመ። ከዚያም ጆንስን ሆኖ የሚተውነው የሃሪሰን ፎርድ ፊት በቅርብ ይመጣል፤ ጥርሱን ነክሶ፣ አቧራ ለብሶ። የሌናርድ ገላና የፎርድ ፊት በእኛ አእምሮ ውስጥ አንድ ሰው ሆኑ። ሐሳቡ የተወሰደው በ1939 ከወጣው «ስቴጅኮች» ነው፤ በዚያ ፊልም ላይ ያኪማ ካነት የተባለው ዝነኛ ስታንትማን በሚጋልቡ ፈረሶች መካከል ወድቆ ሠረገላው በላዩ ላይ አልፎበታል።

ይኸው ካነት ከሃያ ዓመት በኋላ በ1959 በወጣው «ቤን ሀር» ላይ ታላቁን የሠረገላ ውድድር ከአንድሩ ማርተን ጋር ሆኖ አቀናብሯል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ኤዲቲንግ ምን ማድረግ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። ቀረጻው የተካሄደው ሮም ውስጥ በቺኔቺታ ስቱዲዮ ነው። የካነት ልጅ ጆ ካነት በዋናው ተዋናይ በቻርልተን ሄስተን ምትክ ሠረገላውን እየነዳ በወደቁ ሠረገላዎች ላይ መዝለል ነበረበት። ሠረገላው ሲዘል ጆ ከታሰበው በላይ ተወርውሮ በሠረገላው ፊት ተገለበጠ፤ እግሩ ወደ ሰማይ ሄደ። ይህ አልታቀደም። አደጋ ነበር። ተርፏል፤ አገጩ ላይ ከደረሰበት ቁስል በቀር ምንም አልሆነም።

አሁን ጥያቄው ይህን ምስል ምን እናድርገው የሚል ነው። ፊልም ሠሪዎቹ ቢጥሉት ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እነሱ ግን አቆዩት፤ ቀጥለውም ሄስተንን ጠርተው፣ ከሠረገላው ፊት ተንጠልጥሎ ወደ ውስጥ ተመልሶ ሲወጣ በቅርብ ቀረጹት። ኤዲተሮቹ ራልፍ ዊንተርስና ጆን ደኒንግ ሁለቱን ምስሎች አገጣጠሟቸው። የጆ መገልበጥ ያለ ሄስተን መመለስ ቢቀር ታሪኩ ይሰበራል፤ የሄስተን መመለስ ያለ ጆ መገልበጥ ቢመጣ ማንም አይደነግጥም። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ግን «ቤን ሀር ሊሞት ነበር» የሚል ስሜት ተፈጠረ። ያን ስሜት ከሁለቱ ምስሎች በአንዳቸውም ውስጥ ለብቻው አታገኙትም። የተፈጠረው በመገጣጠሚያው ላይ ነው።

መገጣጠሚያው የያዘው በዕድል አይደለም። የመጀመሪያው ምስል የሚቆረጠው እንቅስቃሴው ሳያልቅ፣ ገላው ገና በመውደቅ ላይ ሳለ ነው፤ ሁለተኛው የሚጀምረው በዚያው እንቅስቃሴ ቀጣይ ላይ ነው። ዓይናችን እንቅስቃሴ ሲከተል ሰውን አይመረምርም። ሠረገላዎቹም በአብዛኛው በስክሪኑ ላይ አቅጣጫቸውን ጠብቀው ነው የሚሮጡት፤ ካሜራው ያለ ዝግጅት ወደ ማዶ ቢሻገር ኖሮ የሚከታተሉት ሠረገላዎች ሊጋጩ የሚመጡ መስለው ተመልካቹ ግራ ይጋባ ነበር። በሠረገላ ሥር የሚረገጡት ደግሞ በሰው አምሳል የተሠሩ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የሚታዩት «ይህ ምንድን ነው» ብለን ለመጠየቅ ጊዜ በማይሰጥ ርዝመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ በዚህ ቀረጻ ላይ ሰው ሞቷል የሚል ወሬ በዓለም ተናኘ፤ እስከ ዛሬም የሚያወራው አለ። ሐሰት ነው፤ በ1959ኙ ፊልም የሠረገላ ውድድር ቀረጻ ላይ ማንም አልሞተም። ዊንተርስና ደኒንግ ለሥራቸው ኦስካር ተሸልመዋል፤ ወሬው ራሱም ለችሎታቸው ምስክር ይመስለኛል።

በውድድሩ ላይ ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ ሙዚቃ የለም። የሚሰማው ኮቴ፣ መንኮራኩር፣ ጅራፍና የሕዝብ ጩኸት ነው። በ1968 የወጣው «ቡሊት»ም እንዲሁ አድርጓል። በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት ላይ የሚካሄደው የመኪና ማሳደድ 11 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ማሳደዱ ሲጋጋል ሙዚቃው ይቆምና ሞተርና ጎማ ብቻ ይቀራሉ። ሙዚቃ «አሁን ፍራ» ብሎ ያዝዘናል፤ የጎማ ድምፅ ግን መኪናው ውስጥ ያስቀምጠናል። ካሜራውም መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን፣ የፊት መስታወቱንና የተዋናዩን የስቲቭ መክዊንን ፊት በአንድ ላይ ያሳያል። ከባድ ከባዱን የነዳው ቡድ ኤኪንስ የተባለ ስታንትማን ነው፤ መክዊን ራሱ ሲነዳ ግን ፊቱ በኋላ መመልከቻ መስታወቱ ውስጥ እንዲታይ ይደረጋል። ያቺን ጥቂት ጊዜ የታየች ፊት ይዘን ሙሉውን የነዳው እሱ ነው ብለን እንቀበላለን።

በዚሁ ፊልም ላይ አንዲት አረንጓዴ ቮልስዋገን አለች፤ ሁለቱ መኪኖች ደጋግመው ያልፏታል። አንዱን ቁልቁለት ከተለያየ አቅጣጫ ቀርጸው ሌላ ሌላ መንገድ አስመስለው ስለቀጠሉት ነው። የክፉዎቹ መኪናም ካለው የጎማ ክዳን ቁጥር በላይ ይጥላል። ፍራንክ ኬለር ይህን ፊልም ኤዲት አድርጎ ኦስካር አግኝቷል፤ ይገባዋልም። ተመልካች የሚቆጥረው ክዳን አይደለም፤ ማን ማንን እንደሚያሳድድ፣ ምን ያህል እንደተቃረቡ ነው የሚከታተለው። ያ ከጠራለት ሌላውን ይቅር ይላል።

በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደጋችሁ «አክተር አይሞትም» እያልን ጃኪ ቻንን ያየንበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ቻን በ1983 በወጣው «ፕሮጀክት ኤ» ላይ ከሰዓት ማማ ላይ ተንጠልጥሎ ይወድቃል፤ ከሎይድ የተማረው መሆኑ ግልጽ ነው። እሱ ግን ፍራሽ ከመደበቅ ይልቅ ገላውን ሰጠ፤ በመሃል ያለው ሸራ እየተቀደደ ያቆየዋል እንጂ መጨረሻው መሬት ነው። በ1985 በወጣው «ፖሊስ ስቶሪ» ላይ በገበያ አዳራሽ ውስጥ በአምፖል በተሸፈነ ምሰሶ ተንሸራቶ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ መውረድ ከተለያየ አቅጣጫ ደጋግሞ ያሳየናል። ታሪኩ ለአፍታ ይቆማል፤ «ይህን በእርግጥ አድርጌዋለሁ» ይለናል። ፊልሙ ሲያልቅ የሚታዩት የተሳሳቱ ቀረጻዎችና ደም የፈሰሰባቸው ሙከራዎችም የዚሁ ማስረጃ ናቸው። ብዙ ልጆች ግን እነዚያን ምስሎች ማስጠንቀቂያ አድርገው አልወሰዷቸውም፤ ከአጥር ዘለሉ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ወረዱ። የማየው ክፍተት እዚህ ላይ ነው። ድፍረቱን አሳየናቸው፤ ዝግጅቱን አላሳየናቸውም።

በሌላ ወገን ደግሞ ሁሉን በመቁረጥ ለመሸፈን የሚሞክሩ ፊልሞች አሉ። በ2014 በወጣው «ቴክን 3» ላይ ዋናው ተዋናይ አንድ የሽቦ አጥር ሲዘል በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ከአሥር ጊዜ በላይ ይቆረጣል። ሰውዬው የዘለለ አይመስልም፤ አጥሩም የት እንዳለ አይታወቅም። ፈጣን ቆረጣ በራሱ ግን ጥፋት አይደለም። በ2015 የወጣው የጆርጅ ሚለር «ማድ ማክስ ፊዩሪ ሮድ» 2,700 ያህል ቆረጣ በ120 ደቂቃ ውስጥ አለው፤ በአማካይ በየሦስት ሰከንዱ ከአንድ በላይ ማለት ነው። ማርጋሬት ሲክስል ከ480 ሰዓት ቀረጻ ውስጥ መርጣ ያገጣጠመችው ነው። ሆኖም አንድም ቦታ አንጠፋም። ምክንያቱ ካሜራው ላይ ነው፤ ሚለር ቀራጩን ጆን ሲልን ዋናው ነገር ሁልጊዜ የፍሬሙ መሃል ላይ እንዲሆን አዘዘው። ስለዚህ ምስሉ ሲቀየር ዓይናችን መፈለግ የለበትም፤ የሚያየው ነገር እዚያው ይጠብቀዋል። በናሚቢያ በረሃ መኪኖቹ በእርግጥ ተነድተዋል፤ በምሰሶ ጫፍ የሚወዛወዙት ሰዎችም በእርግጥ ተወዛውዘዋል። ታስረውበት የነበረው ገመድ ግን በኋላ በኮምፒውተር ተፍቋል።

ስለ ገመድ መፋቅ ካልን፣ በ2011 የወጣውን «ጎስት ፕሮቶኮል» ማንሣት ግድ ነው፤ ዱባይ የኖራችሁ ሕንጻውን ታውቁታላችሁ። ቶም ክሩዝ 828 ሜትር በሚረዝመው ቡርጅ ኸሊፋ ላይ በእርግጥ ወጥቷል። ካሜራዎቹ እንዲወጡ መስኮቶች ተነቅለዋል። ክሩዝን የያዙት ገመዶች ከምስሉ ጠፍተዋል። በ1923 ፍራሹን ከፍሬሙ በታች ያስቀመጠውና በ2011 ገመዱን የፋቀው ሐሳብ አንድ ነው።

ለወጣት ፊልም ሠሪዎቻችን ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው ብዙው ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ተዋናዩ ሲሮጥ ከምሰሶ ወይም ከቆመ መኪና ጀርባ ያልፋል፤ በዚያች ቅጽበት እሱን የሚመስል ልብስ የለበሰ ስታንትማን በሌላው በኩል ወጥቶ ይወድቃል፤ ካሜራው ሳይቆረጥ ይከተላል። ወይም ደግሞ የሚወድቀው ሰው በመጀመሪያው ምስል ከጠርዙ ይጠፋል፤ በሁለተኛው መሬት ላይ ከግማሽ ሜትር ከፍታ ያርፋል፤ በመካከሉ ያለውን ከፍታ ወደ ታች የሚያይ የአንድ ምስክር ፊትና የመውደቅ ድምፅ ይሞሉታል። ለዚህ የሚያስፈልገው በወረቀት ላይ ቀድሞ ማቀድ፣ ልምምድና ትዕግሥት ነው።

ይህ ሙያ የሚገባውን ክብር ለማግኘት ብዙ ቆይቷል። የአሜሪካው የፊልም አካዳሚ ለያኪማ ካነት የክብር ኦስካር የሰጠው በስልሳዎቹ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ለስታንት ሥራ ቋሚ ሽልማት ሳይኖር ቆየ፤ በ2025 ነው አካዳሚው ለስታንት ዲዛይን ኦስካር እንደሚጀምር ያስታወቀው። በ2027 የሚወጡ ፊልሞች ይወዳደሩበታል፤ የመጀመሪያው ሽልማት በ2028 ይሰጣል።

እኛ ግን እስከዚያ መጠበቅ አያስፈልገንም። ፕሮዲውሰሮች፣ ለስታንት የምትመድቡትን ቀን አታሳጥሩ። ዳይሬክተሮች፣ ካሜራ ሊሠራው የሚችለውን ነገር ከሰው ገላ አትጠይቁ፤ ተዋናይ «እፈራለሁ» ሲላችሁም ካሜራውን አንቀሳቅሱ እንጂ ሰውዬውን አትግፉ። ኤዲተሮች፣ ከቀረጻው በፊት ቦታው ድረስ ሄዳችሁ የት እንደሚቆረጥ ተነጋገሩ። ተመልካቾችም ፊልሙ ሲያልቅ ቶሎ አትነሡ፤ የወደቀውን፣ የቀረጸውንና የገጣጠመውን ሰው ስም አንብቡ።